ላብራቶሪ የለኝም ላልሽው

ዘንድሮ በባዮቴክኖሎጂ የተመረቅሽው እህቴ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። ጂን አጠገብ ያለ የዲኤንኤ ልዩነት የጂኑን ሥራ እንዴት ከፍና ዝቅ እንደሚያደርግ ማጥናት ትፈልጊያለሽ። ግን ላብራቶሪ የለሽም። ሰዉ ደግሞ «በዚህ እንጀራ አይበላም» ይልሻል።

ሰዉ ግማሽ እውነት አለው። በዚህ ስም የወጣ የሥራ ማስታወቂያ እኔም አይቼ አላውቅም። ላብራቶሪው ግን ሰበብ አይሆንሽም።

የወተቱን ታሪክ መቼም ተምረሽዋል። ብዙ ሰው ካደገ በኋላ የወተትን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ይቀንስበታል። አንዳንዱ ግን እስከ እርጅናው ወተቱን ይጠጣል። ምስጢሩ ያለው ላክቴዝ ጂን ውስጥ አይደለም። ከጂኑ መነሻ 14 ሺህ የዲኤንኤ ፊደል ገደማ ርቆ፣ ኤምሲኤም6 የሚባል ጎረቤት ጂን ሆድ ውስጥ ነው። እዚያ አንድ ፊደል ሲቀየር ላክቴዝ አልጠፋም ይላል። የአውሮፓውያኑን ፊደል የፊንላንድ ተመራማሪዎች በ2002 አሳወቁ። በምሥራቅ አፍሪካ፣ እኛም አገር ጭምር፣ እዚያው ሰፈር ሌሎች ፊደሎች ተገኙ።

አንቺም እንዲህ ያለውን ነገር ላፕቶፕሽ ላይ ማየት ትችያለሽ። ጌውቫዲስ የተባለው ጥናት የ462 ሰዎችን የጂን ሥራ መጠን ለክቶ በ2013 ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። የናይጄሪያ ዮሩባዎችም አሉበት። የብዙዎቹ የዲኤንኤ መረጃም በ1000 ጂኖም ፕሮጀክት በነፃ ይገኛል። ብቻ ላክቴዝን እዚያ አትፈልጊ። የተለኩት ከደም የተገኙ ሴሎች ናቸው፣ ላክቴዝ ደግሞ የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢራፕ2 የተባለውን ጂን ሞክሪ። አጠገቡ ካሉት የሚለያዩ ፊደሎች አንዱን ምረጪና፣ ያንን ፊደል ያልያዙ፣ አንድ ቅጂ የያዙና ሁለት ቅጂ የያዙ ሰዎችን ለያይተሽ፣ አር በተባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ሣዪ። ደረጃ የመሰለ ግራፍ ይወጣልሽ።

ግራፉን አይተሽ «አገኘሁት!» እንዳትዪ ታዲያ። ጎረቤታሞች ፊደሎች አብረው ነው የሚወረሱት። አንዱ ሥራውን ይሠራል፣ ሌላው አብሮት ስለተገኘ ብቻ ይጠረጠራል። ጎበዝ ፈታኝ ቃለ መጠይቅ ላይ «ሠራተኛው የትኛው ፊደል ነው? በምን ታውቂያለሽ?» ይልሻል። ግራፍ መሣል የሚችል ሞልቷል፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ግን ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ጊዜሽን ስጪ።

ወደ እንጀራው ስንመጣ፣ ሲቪሽ ላይ የጂኑን ስም ሳይሆን ችሎታሽን ጻፊ፦ በአር ትልልቅ ዳታ ማጽዳትና መተንተን፣ ስታትስቲክስ፣ ሊኑክስ። የወባና የቲቢ ጂኖም ላይ የሚሠሩ፣ እንደ አርማወር ሐንሰን ያሉ የምርምር ተቋማት የሚጠቅማቸው ይኼ ነው። ደሞዙ መጀመሪያ ላይ አያስደስትሽም፣ አልዋሽሽም።

አሁን የሁለት ወር ጊዜ ስጪውና ግራፉን ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ጋር ላኪልኝ። ስለ ማስተርሱ ያኔ እናወራለን።