በበሽተኛው ካርድ ላይ «ኦታይቲስ ሚዲያ» (የመካከለኛው ጆሮ ሕመም) ብቻ ተጽፎ ሲገኝ የትኛው ኮድ ይሰጣል?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ በጤና መረጃ ባለሙያነት የሚያገለግሉ አንባቢ፣ ጆሯቸውን ታመው ከሚመጡ ሕፃናት የአብዛኞቹ ካርድ ላይ «ኦታይቲስ ሚዲያ» ከሚለው በቀር ምንም ስለማይገኝ ሁሉንም ኤች66.9 (በበሽታዎች ምደባ ዓይነቱ ላልተለየ ኦታይቲስ ሚዲያ የሚሰጥ ኮድ) ብለው እንደሚመዘግቡና ለሱፐርቪዥን የመጡ ሰዎች «ያልተለየ በሽታ በዝቷል» ብለው እንደወቀሷቸው ጽፈዋል። ከኢንተርኔት ከወረደ ዝርዝር አግኝተው ኤች66.001 ሊያስገቡ ቢሞክሩም የኮምፒውተር ሥርዓቱ አልተቀበላቸውም። «ታዲያ ኤች66.0 ብዬ ልለፈው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

እህቴ፣ ካርዱ ያላለውን እርስዎ አይበሉ። ኤች66.0 ማለት አጣዳፊና መግል ያለበት የመካከለኛው ጆሮ ኢንፌክሽን ነው፤ መግል መኖሩን ያየው ሐኪሙ ስለሆነ መጻፍ ያለበትም እርሱ ነው። ሐኪሙ በእርግጥ ያላየው ነገር ከሆነ፣ ኤች66.9 ለወቀሳ የሚዳርግ ሳይሆን እውነቱን የሚናገር ኮድ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ያልተለየ ኮድ መብዛቱ ሳይሆን፣ ወቀሳ ለማምለጥ ተብሎ የሚሰጥ የተለየ ኮድ ነው፤ የመጀመሪያው ጉድለቱን በግልጽ ያሳያል፣ ሁለተኛው ግን ጉድለቱን ሸፍኖ የአንድ ወረዳን የመድኃኒት ዕቅድ ያዛባል።

ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነጥብ አለ። ሐኪሙ «አጣዳፊ ኦታይቲስ ሚዲያ» ብሎ ቢጽፍም፣ በዓለም ጤና ድርጅት አሥረኛው የበሽታዎች ምደባ መሠረት ኮዱ አሁንም ኤች66.9 ነው፤ «ሥር የሰደደ» ብቻ ብሎ ቢጽፍም እንዲሁ። ጊዜውን መጥቀስ ብቻውን ከዚያ ሳጥን አያወጣም። የሚያወጣው የፈሳሹ ዓይነት ነው፤ ፈሳሹ መግል ከሆነ ከኤች66.0 እስከ ኤች66.4 ካሉት ወደ አንዱ፣ መግል ያልሆነ ቀጭን ወይም ዝልግልግ ፈሳሽ ከሆነ ወደ ኤች65 ይሄዳል። መግል መኖሩ ተጽፎ ጊዜው ካልተጻፈ ኤች66.4 ነው። ሥር የሰደደና መግል ያለው ሆኖ ዓይነቱ ካልተለየ ኤች66.3 ይሆናል፤ ኤች66.1ን እና ኤች66.2ን ለመለየት ቀዳዳው በጆሮው ታምቡር መሃል ይሁን ወይስ በላይኛው ክፍል ወይም በጠርዙ መታወቅ ስላለበት፣ እነዚህ በአብዛኛው ከአንገት በላይ ሐኪም ያየው በሽተኛ ካርድ ላይ የሚገኙ ናቸው።

በጤና ጣቢያ ግን የሕፃናቱ ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው አይኤምኤንሲአይ በሚባለው የሕፃናት ሕመም አያያዝ መመሪያ መሆኑን አይርሱ። መመሪያው ከ14 ቀን በታች የሚፈስ ጆሮን ወይም የጆሮ ሕመምን «አጣዳፊ የጆሮ ኢንፌክሽን»፣ 14 ቀንና ከዚያ በላይ የሚፈሰውን «ሥር የሰደደ የጆሮ ኢንፌክሽን» ይለዋል። የተዘጋጀው ሕክምናን ለመወሰን እንጂ ኮድ ለመስጠት አይደለም፤ በኦቶስኮፕ (የጆሮ ውስጥ ማያ መሣሪያ) ታምቡር ማየትንም አያስገድድም። ስለዚህ ነርሷ የቀኑን ቁጥርና ከጆሮው ሲወጣ ያየችውን ነገር ካልጻፈች፣ ምደባው ብቻውን ከኤች66.9 አያሻግርዎትም።

በከተማችን ቋንቋም የራሱ ድርሻ አለው። ከቀፊራም ሆነ ከገጠር ቀበሌዎች ልጃቸውን አዝለው የሚመጡ እናቶች በኦሮምኛ «ማላ»፣ በሶማሊኛ «ማላሕ» ሲሉ መግል ማለታቸው ነው፤ አስተርጓሚው ግን «ጆሮው ይፈሳል» ብሎ ያሳልፈዋል፣ ካርዱ ላይም «ፈሳሽ» ተብሎ ይሰፍራል። ሐረር ውስጥ ስሠራ ይህ ልዩነት ስንት ካርድ እንዳበላሸብን ስለማውቅ፣ ምርመራ ክፍሎቹ «ምን ዓይነት ፈሳሽ? ስንት ቀን?» ብለው ደግመው እንዲጠይቁ አጥብቄ እመክራለሁ።

ሥርዓቱ ኤች66.001ን ያልተቀበለው ኮዱ የአሜሪካ በመሆኑ ነው። አሜሪካኖች ከኦክቶበር 2015 ጀምሮ የሚጠቀሙበት የተስፋፋ ምደባ በመጨረሻዎቹ አሃዞች የቀኝ፣ የግራ ወይም የሁለቱን ጆሮ ይለያል፣ ታምቡሩ መቀደዱንም ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅቱ አራት ምልክት ብቻ አለው። ያን ዝርዝር ከኮምፒውተርዎ ያስወግዱትና በሥርዓትዎ ውስጥ ባለው ምደባ ይሥሩ። የትኛው ጆሮ እንደሆነ ግን ኮዱ ባይጠይቀውም ካርዱ ላይ መጻፍ አለበት፤ በሚቀጥለው ወር ያ ልጅ ሲመለስ ያው ሕመም ይሁን አዲስ የሚለየው በዚህ ነው።

ታምቡር መቀደድን በተመለከተ፣ አጣዳፊው መግል ገፍቶ የቀደደው ከሆነ የዚያው በሽታ አካል ስለሆነ ኤች72ን አይደርቡ። ኤች72 ኢንፌክሽኑ ካለፈ በኋላ ሳይደፈን ለቀረ ቀዳዳ ነው፤ በጥፊ ወይም በሌላ አደጋ የተቀደደ ደግሞ ኤስ09.2 ይሆናል። በኩፍኝ ምክንያት የመጣ የጆሮ ኢንፌክሽን ዋና ኮዱ ቢ05.3 ነው፤ ኤች67.1 ተጨማሪ እንጂ ብቻውን የሚቆም ኮድ አይደለም። የጆሮ ሕመም ብቻ ተጽፎ ምንም ምርመራ ከሌለ ኤች92.0 ይስጡ።

ጎዶሎ ካርድ ሲገጥምዎ በራስዎ እጅ አንዲት ቃል እንኳ አይጨምሩበት። በትንሽ ወረቀት ላይ «የትኛው ጆሮ? ስንት ቀን? መግል አለ? ታምቡሩ ታይቷል?» ብለው ጽፈው ካርዱን በዚያው ቀን ለመረመረው ባለሙያ ይመልሱ፤ እርሱም የሚያስታውሰውን ብቻ ቀን ጽፎና ፈርሞ ይጨምር። ስህተት ካለ በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ አይፋቅ። ካላስታወሰ ኤች66.9 ይቆይ። በወሩ መጨረሻም በዚህ ኮድ የቀሩትን ካርዶች ቆጥረው፣ ቁጥሩን ከምርመራ ክፍሉ ስም ጋር ለጠዋት ስብሰባ ያቅርቡ፤ የሱፐርቪዥን ባለሙያዎቹም ሲመለሱ ይህንኑ ቆጠራ ያሳዩዋቸው።