ከአዳማ ወደ ጅቡቲ በባቡር፦ ስንት ሰዓት ቀድሜ ልድረስ?

ከአዳማ ተነስታችሁ በባቡር ጅቡቲ ለመሄድ ያሰባችሁ ብዙ ጠይቃችሁኛል። በመስመሩ የምመላለስ ሰው ስለሆንኩ የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ ሰዓት ቀድሜ ብደርስ አይበቃም?

መልስ፦ ድሬዳዋ ለሚወርድ ይበቃ ይሆናል። ለጅቡቲ ግን ሁለት ሰዓት ያዝ። ይሄ የእኔ ልክ ነው፤ ትኬት ቆራጩ ሌላ ከነገረህ የእሱን ስማ። ደግሞ የባቡሩን መነሻ አትቁጠር፣ በሩ የሚዘጋበትን ቁጠር። ትኬት ስትቆርጥ “በሩ ስንት ሰዓት ይዘጋል?” በል። ከዚያ ወደ ኋላ አስላ፤ ሻንጣ ይፈተሻል፣ ፓስፖርት ይታያል፣ ሰልፍ አለ። አዳማ መነሻ ሳትሆን መሐል ጣቢያ ናት። ባቡሩ ከለቡ መጥቶ ጥቂት ቆሞ ውልቅ ነው። እንደ ሚኒባስ “አንድ ሰው የቀረው!” እያለ አይጠብቅህም።

ጥያቄ፦ ጣቢያው መሐል ከተማ አይደል እንዴ?

መልስ፦ እሱ የድሮው ነው፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባው የፈረንሳዮቹ ባቡር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪኩ ባቡር የራሱ ሐዲድና የራሱ ጣቢያ አለው፤ ከከተማው ወጣ ይላል። ለባጃጁ “አዲሱ ባቡር ጣቢያ” በለው። ጉዞህ በማለዳ ከሆነ ማታውኑ ከአንድ ባጃጅ ጋር ተነጋገር።

ጥያቄ፦ ትኬቴ 08:00 ይላል። ከሰዓት ነው?

መልስ፦ እንኳን ጠየቅሽ! እንዲህ ሲጻፍ በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። በእኛ 8 ሰዓት ብለሽ ምሳሽን በልተሽ ብትመጪ ባቡሩ አዋሽን ካለፈ ቆይቷል። ቀኑንም እዪው። “10 ጃንዋሪ” አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ጥር 2 ነው። ከተጠራጠርሽ ትኬት ቆራጩን “በሀበሻ ስንት ሰዓት? በሀበሻ ስንት ቀን?” ብለሽ እዚያው አስጽፊው። ጅቡቲና እኛ የሰዓት ልዩነት የለንም፣ አቆጣጠሩ ነው የሚለየው።

ጥያቄ፦ ፓስፖርት ብቻ ይበቃል?

መልስ፦ የቪዛውን ጉዳይ ከትኬቱ በፊት ጨርስ። ሰው የሚረሳው የቢጫ ወባ ካርዱን ነው። ክትባቱን ዛሬ ተወግተህ ነገ ብትሄድ ካርዱ አልጸናም፤ መጽናት የሚጀምረው ከተወጋህ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ቀድሞ መድረስ የሚጀመረው ጣቢያው በር ላይ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ ፓሪስ ናት። ከዚያ በባቡር ለንደን ልትወስደኝ ነው። እዚያስ ይሄን ያህል ያስጠብቃሉ?

መልስ፦ እትዬ፣ እዚያ ነገሩ ይለያል። የእኛ ባቡር ድንበሩን የሚያገኘው መንገድ ላይ፣ ደወሌ ነው። ከፓሪስ ለንደን የሚወስደው የዩሮስታር ባቡር ተሳፋሪ ግን ድንበሩን የሚያልፈው ሳይሳፈር ነው። የፈረንሳዩም የእንግሊዙም የፓስፖርት ቁጥጥር እዚያው ፓሪስ፣ ጋር ዱ ኖር ጣቢያ ውስጥ ነው። በሩ ባቡሩ ከመነሳቱ 30 ደቂቃ በፊት ይዘጋል። አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ድረሱ፤ የእኛ ፓስፖርት ትንሽ ይገላበጣል። ቅቤውንና ቋንጣውን ግን ይተዉት፣ ፓሪስ ሲገቡም ቢሆን አያሳልፉትም። በርበሬው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ባቡሩ ራሱ ይዘገያል ይላሉ። ታዲያ እኔ ምን አስቸኮለኝ?

መልስ፦ ሊዘገይ ይችላል። ከአዋሽ ወዲያ ግመልና ከብት ሐዲድ ላይ ይወጣል። ግን ያ ከአዳማ በኋላ ነው፤ ጅቡቲ የምትገባበትን እንጂ አዳማ የሚደርስበትን አያዘገየውም። ውኃና የሚቀመስ ነገር ያዝ። የሚቀበልህ ሰው ካለ “ናጋድ” የሚባለው ጣቢያ እንዲጠብቅህ ንገረው፤ እሱም ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ሰዓቱን አጥብበህ አትቅጠረው።