«ደራሲው» ይሉኝ ነበር

«ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር የባልትና ሥራ ልጀምር እየተዘጋጀሁ ነው። ዓላማዬንና የደረስኩበትን ለሰው ልናገር ወይስ በሆዴ ልያዘው? እናቴ የሰው ዓይን ያበላሽብሻል ትላለች» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦ እኔ ተናግሬ ከስሬያለሁ፣ ተናግሬም ቀንቶኛል። ልዩነቱ የነገርኩት ነገር ላይ ነው።

አስጎብኚ ነኝ። ፋሲል ግቢ በር ላይ ቆሜ «ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1636 ቆረቆሩ፣ ግቢው በ1979 በዩኔስኮ ተመዘገበ» ስል ከአሥር ዓመት በላይ ሆነኝ። (ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የአገር ቤት ጎብኚ ሁሌ ይሄን ይጠይቀኛል።) ታዲያ ሰው በኪሱ ይዞት የሚዞር፣ በቀላል አማርኛ የተጻፈ የጎንደር መጽሐፍ ላዘጋጅ አሰብኩ። በ2011 የጥምቀት ሰሞን ነው። ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ለጓደኞቼ፣ ለባጃጅ ሾፌሩ፣ ለአክስቴ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስሜ ተቀየረ። ፒያሳ ብቅ ካልኩ «ደራሲው መጣ!» ነው። ቡና ይጋብዙኛል። ደስ ይላል፣ በጣም። ችግሩም እሱ ነው። ሳልጽፍ ደራሲ ከሆንኩ ለምን ልድከም? በ2012 ኮሮና ገብቶ ቱሪስት ሲጠፋ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቼ እየዋልኩ እንኳ አንድ ገጽ አልወጣኝም። ኋላ «መጽሐፉስ?» የሚለኝን ሰው ሳይ መንገድ መቀየር ጀመርኩ።

ነገሩ የእኔ ስንፍና ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ጥናት የሕግ ተማሪዎችን ፈትኖ ነበር። ጠንክረው የማጥናት ሐሳባቸውን ሌላ ሰው ያወቀባቸው፣ ማንም ካላወቀባቸው ያነሰ ሠሩ። ሰው ሲያውቅልን የሆንን ይመስለናል። እናትሽ እንግዲህ ብዙም አልተሳሳቱም። የዓይኑን ነገር ለሳቸው ልተወው።

ዝም ማለቱም ግን አላዋጣኝም። ማንም አይጠይቀኝ፣ እኔም አልጽፍ።

አምና አራት ሆነን ሐሙስ ሐሙስ ማታ አንዲት ቡና ቤት መገናኘት ጀመርን። አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፣ አንዱ የነርስነት ተማሪ፣ አንዱ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የእቁብ ዳኛ ነበሩ። «እቁብ ላይ ሀብታም እሆናለሁ ብሎ የሚያወራ አይታችኋል? ቀኑ ሲደርስ ብሩን ይዞ ይመጣል። እናንተም ይዛችሁ ኑ» አሉን። ስለዚህ የሚወራው የተሠራው ነው። ለሚቀጥለው ሐሙስ አንድ ነገር ብቻ ይባላል፣ እሱም ደብተር ላይ ይጻፋል። ያልሠራ የሁላችንንም ቡና ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2016 138 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ የሚለውም ይሄንኑ ነው፦ የደረሱበትን መከታተል ይጠቅማል፣ ሲጻፍና ለሰው ሲነገር ደግሞ ይበልጥ። ጋሼ ግን እሱን አንብበው አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራዬ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች መቁጠር ነበር። እያንዳንዱ አስጎብኚ የየራሱ ቁጥር አለው፣ እኔም ጭምር። አንገቴ እስኪደነድን አንጋጥጬ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ሦስት የተለያየ ቁጥር! እያፈርኩ ያንኑ ነገርኳቸው። ልብስ ሰፊዋ እስኪበቃት ሳቀችና «በአንዴ ሁሉንም ካየህ ይምታታብሃል። ረድፍ በረድፍ፣ እየጻፍክ። እኔ ጥልፍ የምቆጥረው እንደዛ ነው» አለችኝ። «መጽሐፍ ልጽፍ ነው» ስላቸው የነበሩት ሁሉ እንዲህ ያለ ምክር ሊሰጡኝ አይችሉም ነበር። ምኑን ይዘው?

አንቺም «ትልቅ የባልትና ድርጅት እከፍታለሁ» አትበይ። «5 ኪሎ በርበሬ ቀንጥሼ አሰጣሁ፣ ደመና ሆነብኝና አልደረቀልኝም» በይ። ያኔ አንዷ እናት መፍትሔውን ትነግርሻለች፣ ሌላዋ ምናልባት ደንበኛሽ ትሆናለች። ሰውም አታብዢ፣ ሦስት አራት ይበቃል።

ሁሉንም ግን አትዘርግፊው። በርበሬውን ከማን በስንት እንደምታመጪ፣ ያልተፈረመ ውል፣ የቁጠባ ደብተርሽ፣ እነዚህ በሆድ ይቆዩ። እኔ ከቁስቋም እስከ ፋሲል መዋኛ በእግር የማስጎብኘት ሐሳቤን ቡና ላይ አውርቼ፣ በወሩ አንድ የሙያ ባልደረባዬ ጀመረው። ተናድጄ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ሁለት ዓመት ታቅፌው ተቀምጬ ነበር፣ እሱ ተነስቶ ሄደ።

የእኔ የዚህ ሳምንት ሥራ፣ የታላቁ ኢያሱ ግንብ እ.ኤ.አ. በ1941 በእንግሊዝ ቦምብ እንዴት እንደተጎዳ ሁለት ገጽ መጻፍ ነው። ግማሽ ገጽ ላይ ነኝ። ነገ ሐሙስ ነው፣ ቡናው በእኔ ሳይሆን አይቀርም።