ፎቶግራፍ አንሺው በፎቶግራፉ ውስጥ የለም

ጥያቄ

ለተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣

ሁለት ልጆቼን ለ8 ዓመታት ብቻዬን ያሳደግሁ፣ ከዚያም ለ17 ዓመታት በመልካም ትዳር የኖርኩ፣ ዛሬ ደግሞ ባለቤቴን በሞት ካጣሁ 2 ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ። የልጆቼ አባት ትቶን ሲሄድ ሴቷ ልጄ 6 ዓመቷ ነበር፤ ወንዱ ገና ዓመት ከመንፈቁ ስለነበር አባቱን አያውቀውም ማለት ይቻላል።

የምጽፍላችሁ ስለ ገና ነው። ብቻዬን በነበርኩባቸው ዓመታት እስከ እኩለ ሌሊት እሠራ ስለነበር በዋዜማው ቤት ስደርስ ልጆቼን የማገኛቸው የክት ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ እኔን ሲጠብቁ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሏቸው ነበር። አንድ ዓመት ለልጄ ልብስ መግዛት ባልችል የራሴን ቀሚስ ፈትቼ በእጅ መርፌ ሰፋሁላት፤ ቁልፎቹንም ከአሮጌ ካፖርቴ ነቅዬ ተከልኩበት። በተከታዮቹ ሁለት ገናዎች ልጅቷ በቁመት ስትጨምር ቅምቅማቱን እየፈታሁ አስረዘምኩት። ቀሚሱ ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ የቀድሞዎቹ እጥፋቶች ከታች በኩል ሁለት መስመር ሆነው ይታያሉ።

በእነዚያ ዓመታት በውሰት ካሜራ በየገናው አንድ ሁለት ፎቶግራፍ አነሳቸው ነበር። አንሺዋ እኔ ስለነበርኩ በአንዱም ውስጥ የለሁም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእኛ ጋር ባሳለፈው የመጀመሪያ ገና ካሜራውን ከእጄ ተቀብሎ «አንቺ ደግሞ ከልጆችሽ ጋር ተቀመጪ» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ በተነሱት ሁሉ እኔ አለሁ። እሱ ካረፈ በኋላ አልበሙን ስገልጥ ግን በ17 ገናዎች መካከል ፊቱን ያገኘሁት 3 ጊዜ ብቻ ነው።

ባለፈው ገና የ7 ዓመቱ የልጅ ልጄ አልበሙን እያገላበጠ «አያቴ፣ እማዬ ትንሽ ልጅ ሳለች አንቺ የት ነበርሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ልጄ «እማዬ፣ ያንን ደግሞ ዛሬ ለምን ታነሺዋለሽ?» ብላ ወሬውን ወደ ሌላ አዞረችው። ለእኔ ኩራቴ የሆነው ያ ቀሚስ ለእሷ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ «የእናትሽ ቀሚስ ነው» እያሉ የሳቁባት ቀን መሆኑን የሰማሁት በዚያ ምሽት፣ ልጁ ከተኛ በኋላ ነው።

ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። በዋዜማው ሌሊት ብቻዬን ስቀመጥ ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው ከባለቤቴ ጋር ያሳለፍኩት መልካም ጊዜ ሳይሆን ያ የችግር ዘመን ነው። ለሟች ውለታ ቢስ ሆኜ ይሆን? ለልጅ ልጄስ ልንገረው ወይስ የሆዴን በሆዴ ይዤ ልቅር?

የአንድ ልጅ አያት

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

ከመጨረሻው ጥያቄዎ በፊት ያለውን ላስቀድም፤ የልጅ ልጅዎን ጉዳይ ከልጅዎ ጋር ተቀምጠው ሊፈቱት ይችላሉ፣ የውለታ ቢስነቱን ሐሳብ ግን የሚታገሉት በሌሊት ብቻዎን ነውና። ውለታ ቢስ አልሆኑም። ይህን የምለው ለማጽናናት ብቻ ሳይሆን የሰው ትዝታ የሚሠራበትን መንገድ ተመልክቼ ነው።

ኤንዴል ተልቪንግና ዶናልድ ቶምሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት አንድን ትዝታ የሚቀሰቅሰው ነገር ኃይል የሚያገኘው ትዝታው ሲቀረጽ አብሮት ከነበረው ሁኔታ ጋር በሚገጥምበት መጠን ነው። አሁን የእርስዎን የዋዜማ ሌሊት ያስቡት። ቤቱ ጭር ብሏል፣ ሌላው ሁሉ ተኝቷል፣ ነቅታ የምትሠራው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ይህ የእነዚያ 8 ዓመታት መልክ ነው እንጂ የትዳርዎ ዘመን መልክ አይደለም፤ ባለቤትዎ በሕይወት ሳሉ በዚያ ሰዓት ብቻዎን ተቀምጠው አያውቁምና ሰዓቱ እሳቸውን የሚጠራበት ገመድ የለውም። እሳቸው ትዝ የሚሉዎት ምናልባት በማግሥቱ፣ ሰው ተሰብስቦ አንዱ ካሜራ አንሥቶ «ተጠጉ፣ ተጠጉ» ሲል ይሆናል። በዚህ ገና ልብ ብለው ይመልከቱት።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። ተመሳሳይ ሆነው የሚደጋገሙ ቀኖች በአእምሯችን ውስጥ እየተቀላቀሉ አንድ ጥቅል ሥዕል ይሆናሉ፤ ከተለመደው የወጡ ቀኖች ግን ለየብቻቸው ይቀመጣሉ። በችግሩ ዘመን እያንዳንዱ ገና የራሱን መላ ይጠይቅዎት ነበር። ቀሚሱ የተሰፋበት፣ አንድ ጊዜ የረዘመበት፣ ሁለተኛ የረዘመበት ዓመት እያሉ በጣትዎ መቁጠር ይችላሉ። ከባለቤትዎ ጋር ያሳለፏቸው 17 ገናዎች ደግሞ ሰላም ስለነበሩ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ትዝታቸው ቢደበዝዝ ፍቅሩ ቀጭን ስለነበር ሳይሆን የሚያስጨንቅ ነገር ስላልነበረባቸው ነው፤ እኔ በበኩሌ አንድ ባል ለሚስቱ ከሚተውላት ነገር ሁሉ ይህን የመሰለ ያለ አላውቅም።

ስለ ሐዘኑም ጥቂት ልበል። ባሏ ለሞተባት ሴት ሁሉም መካሪ ነው፤ አንዱ «እርሽው» ይላል፣ ሌላው «አዲስ የበዓል ልማድ ጀምሪ» ይላል፤ ሁለቱም ይቸኩላሉ። ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ስኹት የተባሉ በኔዘርላንድስ የኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት ሐዘንተኛ ሰው የሚጓዘው በአንድ አቅጣጫ ሳይሆን በሁለት ነገሮች መካከል ሲመላለስ ነው፤ አንድ ጊዜ ወደ አጣው ሰው ፊቱን ይመልሳል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ቀሪውን ኑሮ ወደ ማደራጀት ይዞራል፣ መመላለሱም ራሱ የጤና ነው። እርስዎ በዋዜማው ወደ ኋላ ተጉዘው በማግሥቱ የልጅ ልጅዎን ማጫወት መቻልዎ ይህንኑ ያሳያል። በአንጻሩ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመዘኛ ከሞቱ ቢያንስ 12 ወር ካለፈ በኋላም የሟች ናፍቆት በየቀኑ ማለት ይቻላል እየበረታ ሰውየውን ከሥራውና ከሰው የሚለየው ከሆነ የተራዘመ ሐዘን የሚባል ሕመም ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል። የደብዳቤዎ አጻጻፍ ይህን አያመለክትም፤ ነገር ግን እንቅልፍዎ ከበዓሉ ሰሞን አልፎ በዘወትሩም የሚርቅዎ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ።

ወደ ቀሚሱ እንመለስ። በእኔ አስተያየት ከባዱ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ያ ቀሚስ ሁለት ባለቤት አለው። አንዷ በመብራት ስር ጎንበስ ብላ የሰፋችው ናት፣ ሌላይቱ ለብሳው ሰው መካከል የገባችው። የሰፊዋ ትዝታ እጅዋ ላይ ነው፤ መርፌው፣ ክሩ፣ ከካፖርቱ የተነቀለው ቁልፍ። የለባሿ ትዝታ ደግሞ የሌሎች ልጆች ዐይን ነው። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ሁለታችሁም የሌላዋን ግማሽ አላያችሁም። ስለዚህ «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው» የሚለው አነጋገር፣ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ በዚህ ቦታ አይጠቅምም፤ ልጅዎ በልጅነቷ ያልነገረችዎትን ሐፍረት አሁን ደግሞ ዕዳ ያደርግባታል። እንዲያውም ያኔ መሳቃቸውን ሳትነግርዎ በተከታዮቹ ሁለት ገናዎች ቀሚሱን መልበሷ የሚያሳየው እርስዎ ከእሷ ለመደበቅ የሞከሩትን ችግር እሷም ከእርስዎ እየደበቀች መኖሯን ነው። ከልጅ ልጅዎ በፊት ለእሷ ይንገሯት። «እንደሳቁብሽ አላውቅም ነበር» ብለው ይጀምሩና ዝም ብለው ይስሟት። ቀሚሱን አውጥተው ሁለቱን መስመሮች ማሳየት ከፈለጉም ያን ጊዜ ነው።

ወንዱ ልጅዎ ሌላ ነገር ነው። አብዛኞቻችን የምናስታውሰው የመጀመሪያ ነገር ከ3 እስከ 4 ዓመት ዕድሜያችን አካባቢ ያለው ስለሆነ እሱ ከእነዚያ ገናዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በራሱ ትዝታ አያውቃቸውም። ስለ እነሱ የሚያውቀው የተነገረውን ነው፤ ካልተነገረውም ለእሱ አልነበሩም።

የልጅ ልጅዎን በተመለከተ መልሴ «ይንገሩት» ነው። በአትላንታ በሚገኘው በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ ልጆች ስለ ቤተሰባቸው ያለፈ ታሪክ ምን ያህል እንደሚያውቁ 20 ጥያቄዎች አዘጋጅተው ባጠኑበት ጊዜ ይበልጥ የሚያውቁት ልጆች ስለ ራሳቸው ያላቸው ግምት የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል። ማወቁ ብቻውን ልጅን ያበረታል ማለት አይደለም፤ ታሪክ የሚነገርበት ቤት በሌላም ነገር የተለየ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሁለቱ ተመራማሪዎች ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል ያሉት ሁልጊዜ የሞላለት ቤተሰብ ታሪክ ሳይሆን ወድቆ የተነሣ፣ ደግሞም የተንገዳገደ ቤተሰብ ታሪክ መሆኑ ለእርስዎ ቤት የሚሆን ይመስለኛል።

የሚነገረው ግን በልኩ ይሁን። ለ7 ዓመት ልጅ እናቱና አጎቱ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ወንበር ላይ እንዴት እንደተኙ፣ እርስዎም ሲገቡ ማንን አስቀድመው ወደ አልጋ እንደተሸከሙ መናገር ይበቃል። አያቱ ለምን ትተው ሄዱ የሚለው የእናቱ ፈንታ ነው፤ ጊዜውንም የምትመርጠው እሷ ናት። ቀሚሱም ያለ እሷ ፈቃድ አይነሣ። እሱ የጠየቀዎት ጥያቄ ግን ከሁሉም ቀላሉ ነው። «አንቺ የት ነበርሽ?» ነው ያለው። ካሜራውን ይዤ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ነበር ይበሉት።

ከዚያ በኋላ አልበሙን አብራችሁ ይዛችሁ በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ላይ ያለውን ሰው ብቻ ሳይሆን ያነሣውንም ሰው ስም ጻፉ። የቀድሞዎቹ የወረቀት ፎቶግራፎች ከሆኑ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ፣ ከጀርባው በጠርዙ በኩል መጻፍ ይቻላል፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ሊዘልቅ፣ ጫፉም ሥዕሉን ሊያጎብጠው ይችላል። ጀርባቸው እንደ ፕላስቲክ የሚያንሸራትት ከሆነ እርሳስ ስለማይዛቸው በአልበሙ ወረቀት ላይ መጻፉ ይሻላል። ሥራውን ለልጁ ይስጡት፤ የ7 ዓመት ልጅ ጽሕፈቱ ቢንጋደድም ደስ እያለው ይጽፋል። በ8ቱ ዓመታት ሥር የእርስዎን ስም፣ በ17ቱ ሥር የባለቤትዎን ስም እየደጋገመ ሲጽፍ የጠፉት ሁለት ሰዎች በየቦታቸው ይገኛሉ። እግረ መንገዳችሁንም ሥዕሎቹን ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ፤ አንዳንዴ የአንሺው ጥላ ወለሉ ላይ ወድቆ፣ ወይም መልኩ ከበስተጀርባ ባለ መስታወት ላይ ታይቶ ይገኛልና ባለቤትዎን ከ3 ጊዜ በላይ ሊያገኟቸው ይችላሉ።

አጭር ጥያቄ

አባታችን ከሞተ ይህ የመጀመሪያው ገና ነው። እናታችን እንዳታዝን ብለን እኛ እህትማማቾች በዕለቱ ስሙን ላለማንሣት ተስማምተናል፤ ይቀመጥበት የነበረውንም ወንበር ወደ ሌላ ክፍል ወስደነዋል። ትክክል አድርገናል?

መልስ

ሐሳባችሁ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ግን ያልጠየቃችኋት አንድ ሰው አለች። እናታችሁ ስሙን ባትሰማም እያሰበችው ነው። እናንተ ዝም ስትሉ እሷም እናንተን ላለማሳዘን ዝም ትላለች፤ እንዲህ ሆኖ ሁሉም ስለ አንድ ሰው እያሰበ ማንም የማይናገርበት ቀን ይውላል። ከበዓሉ ጥቂት ቀን ቀደም ብላችሁ፣ አንዳችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ በሥራ መካከል እንደ ዋዛ ጠይቋት፤ ስሙ ይነሣ ወይስ ይቆይ፣ ማን ያንሣው፣ መቼ። በዕለቱ ሐሳቧን ብትለውጥም አትገረሙ። ወንበሩን ግን ሳትጠይቋት ስለወሰዳችሁት ዛሬውኑ መልሱትና እዚያው ይቆይ ወይም ይነሣ የሚለውን እሷ ትወስን።