የኢንሹራንሱ የጥገና ደብዳቤ ሲመጣ ከየቱ ይጀመራል?

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የማከራየው ቤት አለኝ፤ በ1962 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ኢንሹራንሱ ሰው ልኮ ካስፈተሸ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ እንዳስተካክል ጽፎልኛል፦ የፌዴራል ፓሲፊክ ብሬከር ፓኔል (የድሮ ስሪት የመብራት ማከፋፈያ ሳጥን)፣ መደገፊያ የሌለው የፊት ደረጃ፣ የተላላጠ የውጭ ቀለም፣ ጣሪያ ላይ የተኛ ቅርንጫፍ። ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ ከፓኔሉ። ፐርሚት (የሥራ ፈቃድ)፣ መብራት ማስቆረጥና የካውንቲ ፍተሻ ስላለው ብቻውን 30 ቀኑን ሊጨርሰው ይችላል። የነዚህ ፓኔሎች አደጋ ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲጫን ብሬከሩ ሳይወርድ መቅረቱ ነው፤ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ይሄዳል። ብሬከሮቹን ብቻ ማስለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ብሬከሩ የሚሰካበት የፓኔሉ አካል ራሱ የችግሩ አንድ ክፍል ነው። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ዋጋ ሲሰጥዎ የመሬት ሽቦው (መሬት ውስጥ ከሚቀበሩት 8 ጫማ ዘንጎች ጋር)፣ ከውኃ ቧንቧው ጋር የሚያገናኘው ሽቦና የቤቱን መብራት በሙሉ የሚያቋርጠው የውጭ ማጥፊያ መካተታቸውን በጽሑፍ ያስረግጡ። ያረጀ ቤት ላይ እነዚህ ከጎደሉ ኢንስፔክተሩ ሥራውን ይመልሰዋል፤ ተጨማሪ ሂሳብም የሚመጣው ያኔ ነው።

ውሉን እንደፈረሙ የውሉንና የፐርሚቱን ኮፒ ለኢንሹራንሱ ልከው የጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቁ። ቀኑ ሳይደርስ ይሁን፤ መልሱም በኢሜይል ይምጣልዎ። በስልክ የተባለ «እሺ» በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

የደረጃው መደገፊያ ከደረጃው አፍንጫ (ከእርከኑ የፊት ጠርዝ) ቀጥታ ወደ ላይ ሲለካ ከ34 እስከ 38 ኢንች ይሁን። ደረጃው ሦስት እርከን ብቻ ቢሆንና የካውንቲው ሕግ መደገፊያ ባያስገድድም ከኢንሹራንሱ ጋር አይከራከሩ፤ እሱ ከሕጉ በላይ መጠየቅ ይችላል። ምሰሶው ኮንክሪቱ ጠርዝ አጠገብ የሚያርፍ ከሆነ በመስፋፋት የሚይዘውን አንከር (ምሰሶውን ከኮንክሪቱ ጋር የሚያስር ብሎን) አይጠቀሙ፣ ጠርዙን ይሰነጥቀዋል። በኤፖክሲ (በጠንካራ ማጣበቂያ) የሚጣበቀውን ይምረጡ። ቀዳዳውን ከበሱ በኋላ አቧራውን በብሩሽና በአየር ደጋግመው ያውጡ፤ አቧራ ላይ የተጣበቀ ኤፖክሲ በጥቂት ወራት መወዛወዝ ይጀምራል።

ቀለሙን ቸኩለው እንዳያስፍቁ እለምናለሁ። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ቀለም ውስጥ እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖር ይችላል፤ የተከራይዎን ልጆች የሚጎዳው አቧራው ነው። ከኪራይ ቤት የውጭ ክፍል ላይ ከ20 ስኩዌር ጫማ በላይ የቆየ ቀለም የሚያነሳ ሰው፣ ባለቤቱ ራሱም ቢሆን፣ የእርሳስ ጥንቃቄ ሰርተፊኬት ሊኖረው ይገባል። በደረቁ መፋቅ የለም፤ እያረጠቡ፣ መሬቱን በፕላስቲክ ሸፍነው ነው።

ቅርንጫፉን ዛፍ ቆራጭ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ የራሱ ኢንሹራንስ እንዳለው ብቻ ወረቀቱን ይዩ።

ሁሉም ሲያልቅ የኢንሹራንሱ ሰው ፎቶ ካነሳበት ቦታ ቆመው እያንዳንዱን ያንሱ፤ የፓኔሉን በር ከፍተው የአዲሱ ፓኔል ስም እንዲነበብ ያድርጉ። ደረሰኙ ላይ «ጥገና» ተብሎ ብቻ አይጻፍ፦ የቤቱ አድራሻ፣ የወጣው ፓኔል፣ የገባው ፓኔል፣ የፐርሚት ቁጥር ይኑርበት። ከፖሊሲ ቁጥርዎ ጋር በአንድ ኢሜይል ይላኩ፤ ጉዳዩ መዘጋቱን የሚገልጽ መልስም በጽሑፍ ይጠይቁ።