«ይቅር እንደምንል» ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ተማሪ ሴቶች ታፈኑ የሚል ዜና በሰማሁ ቁጥር ከማኅበርተኞቼ ጋር እጸልያለሁ። እኔም የስምንተኛ ክፍል ልጅ አለችኝ። አቡነ ዘበሰማያት ላይ «ይቅር እንደምንል» የሚለው ጋ ስደርስ ግን አፌ ይያዛል። ጸሎቴ ከንቱ ነው? ደግሞስ ይቅር ካልን ዝም ማለት አይሆንም?

መልስ፦ እኅታችን፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ። እዚያ ላይ የተያዙት እርስዎ ብቻ አይደሉም።

በሰሜን ኡጋንዳ፣ አቦኬ ላይ፣ የካቶሊክ ደናግል የሚያስተዳድሩት የሴቶች ትምህርት ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1996 የዓማፂው መሪ የጆሴፍ ኮኒ ታጣቂዎች በሌሊት ገብተው 139 ተማሪዎችን ወሰዱ። አሥርቱን ትእዛዛት አስከብራለሁ የሚል ጦር ነው፤ ጉድ በሉ! ምክትል ርእሰ መምህርቷ ጣሊያናዊቷ ሲስተር ራኬሌ ሲነጋ ከአንድ መምህር ጋር ጫካ ገቡ። ደረሱባቸው፣ ተንበርክከው ለመኑ። አዛዡ 109ኙን መለሰ፣ 30ዎቹን አስቀረ።

የቀሩት ልጆች ወላጆች እየተሰበሰቡ ይጸልዩ ጀመር። ከእነሱ አንዷ አዋላጇ ወይዘሮ አንጀሊና አትያም ናቸው። አንድ ቀን የጌታን ጸሎት አብረው ሲያደርሱ ልክ እርስዎ ያሉት ቦታ ላይ ሁሉም ዝም አሉ። የሚቀጥል ጠፋ። ጸሎቱ እዚያው ቀረ።

እኔ ያ ዝምታ ኃጢአት ነው አልልም። ባልሆነ ልብ «ይቅር ብያለሁ» ከማለት ይሻላል። ዳዊትም ይኖርባት የነበረችው ከተማ ጺቅላግ ተቃጥላ ሴቶቹና ልጆቹ ተማርከው ባገኘ ጊዜ ከሰዎቹ ጋር ለማልቀስ ኃይል እስኪያጡ አለቀሱ፤ ከዚያ ተነሥቶ አሳደደ፣ ሁሉንም አስመለሰ። እንግዲህ አፍዎ ሲያዝ ጸሎቱን አይተዉት። «ጌታ ሆይ፣ አልቻልኩም፣ አንተ አስችለኝ» ብለው ይቀጥሉ።

ወይዘሮ አንጀሊና ውለው አድረው ይቅር አሉ። ልጃቸውን የያዘው አዛዥ እናት ዘንድ ሄደው ነገሯት። ሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ የሚያገኘው ግን እዚህ ላይ ነው። እኚሁ ይቅር ባይ እናት አፋቸውን አልዘጉም። ከሌሎቹ ወላጆች ጋር ማኅበር አቋቁመው ዓለም እስኪሰማ ጮኹ። ታጣቂዎቹ «ዝም ካልሽ ልጅሽን እንሰጥሻለን» ሲሏቸው፣ የሁሉም ካልሆነ አይሆንም አሉ። ልጃቸው አምልጣ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እስቲ የትኛዋ እናት ናት ይህን የምትችል? ይቅርታ በቀልን ለእግዚአብሔር መተው ነው፤ «ልጆቻችንን መልሱ» ማለት ደግሞ በቀል አይደለም።

የሰሜን ኡጋንዳ የእምነት አባቶችም ዳር አልቆሙም። የካቶሊክ፣ የአንግሊካን፣ የኦርቶዶክስና የሙስሊም መሪዎች በአንድ ጉባኤ ተሰባስበው ለሰላም ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 አፈናን ፈርተው ማታ ማታ ወደ ጉሉ ከተማ ከሚጎርፉት ሕፃናት ጋር ጎዳና ላይ አድረዋል።

ሳይጠይቁኝ አንድ ልጨምር፣ ይሄ ያንገበግበኛል። በናይጄሪያዋ ቺቦክ እ.ኤ.አ. በ2014 ቦኮ ሐራም ከወሰዳቸው 276 ልጃገረዶች መካከል ልጅ ታቅፈው የተመለሱ አሉ። ከአቦኬዎቹም እንዲሁ። ከዚያ ሐሜቱ ይጀምራል፤ «የሽፍታ ሚስት» ይባላሉ። እንዲህ ያለችውን ልጅ «ንስሐ ግቢ» የሚል ሰው ካጋጠመዎ ዘዳግም 22ን ያንብቡለት። በሜዳ ተይዛ ጮኻ የሚያድናት ያጣች ልጅ ኃጢአት የለባትም፤ ነገሩ ሰው ባልንጀራውን ተነሥቶ እንደሚገድለው ነው ይላል። ተገድዳ ለደረሰባት ነገር ቀኖና የለባትም። የንስሐ አባት ካስፈለጋት እንዲያዳምጣትና እንዲያጽናናት ነው። የወለደችው ሕፃንም ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ይጠመቃል፤ ቀኑ ካለፈም በመጣበት ቀን። አባቱ ማን ነው ብሎ ደጅ ላይ የሚያቆመው የለም። ክርስትና እናት ከጠፋች እርስዎና ማኅበርተኞችዎ አላችሁ።