«ግራ» ያለው ማን ነው? ለደንበኛ የምንሸጠውን የቤት ዕቃ በሰነድ ስለመያዝ

እህቴ፣ «ለደንበኛዬ ሶፋ፣ መጋረጃና ምንጣፍ ከአቅራቢ ገዝቼ ስሸጥ ከቤት ውስጥ ዲዛይን ውሉ ሌላ ምን ወረቀት ያስፈልገኛል? ደረሰኝ አይበቃም ወይ?» ብለሻል። አይበቃም። ደረሰኝ ገንዘብ መከፈሉን ይናገራል እንጂ ምን ለመግዛት እንደተስማማችሁ አይናገርም፤ ጠብ የሚነሣው ደግሞ በሁለተኛው ነው።

አስቀድመሽ ሻጭ ወይም ወኪል መሆንሽን ለይ። ዕቃውን በራስሽ ስም ገዝተሽ ትርፍ ጨምረሽ የምታስተላልፊ ከሆነ ሻጭ ነሽ፤ እግሩ የተሰነጠቀ ወንበር ሲመጣ ደንበኛው የሚደውለው ለፋብሪካው ሳይሆን ለአንቺ ነው። በደንበኛው ስም የምታዢና ገንዘቡም ከእርሱ በቀጥታ ወደ አቅራቢው የሚሄድ ከሆነ ግን ወኪል ነሽ፤ ያን ጊዜ ደንበኛው ሳያውቅ ከአቅራቢው ኮሚሽን መቀበል ነውር ብቻ ሳይሆን መካሰሻም ነው። የታክሱን አያያዝ የሒሳብ ባለሙያሽን ጠይቂ።

እኔ ስጀምር «የዲዛይንና የዕቃ ክፍያ» ብዬ አንድ ድምር እጽፍ ነበር። አንድ ደንበኛ ዕቃውን ሲሰርዝ የዲዛይን ክፍያዬም አብሮ የተሰረዘ መሰለው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኝተው አያውቁም።

አሁን ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ አዘጋጃለሁ። የሚቀመጥበት ክፍል፣ ልኩ በሴንቲ ሜትር፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ የጨርቁ መለያ ቁጥር፣ ብዛት፣ ዋጋ፣ መጓጓዣ፣ ታክስ፣ የሚደርስበት ግምታዊ ጊዜ ይሰፍርበታል። «ግራጫ ሶፋ» ብሎ መጻፍ ካለመጻፍ አይሻልም። በገጹ ጥግ የጨርቁን ቁራጭ በስቴፕለር አያይዤ፣ የደንበኛው ፊርማ ግማሹ በጨርቁ ግማሹ በወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ አደርጋለሁ። ይህን ያስተማረችኝ ሶፋዋ ሲደርስ «የመረጥሁት ይህ አይደለም» ያለች ደንበኛ ናት። ጨርቁ ያው ነበር፤ ነገር ግን ከሌላ የማቅለሚያ ዙር የመጣ ስለነበረ ትንሽ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በእጄ የነበረው የስልክ ፎቶ ብቻ ነው፤ የስልክ ፎቶ ደግሞ እንደ መብራቱ ይለዋወጣል። ሶፋው ዛሬም ቢሮዬ ውስጥ አለ፤ ይህንንም የምጽፍልሽ እርሱ ላይ ተቀምጬ ነው። አሁን አቅራቢው ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት ከዚያው ጥቅል ቁራጭ እንዲልክልኝ እጠይቃለሁ።

በልዩ ትዕዛዝ የሚሠራ ዕቃ የማይመለስ መሆኑን ከፊርማው አጠገብ ጻፊው፤ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል የተደበቀ ነገር ደንበኛን ያስቆጣል። ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ ቀሪው መቼ እንደሚከፈልም እዚያው ይግባ።

ከዚያ የአቅራቢው የትዕዛዝ ማረጋገጫ ሲመጣ ከተፈረመው ገጽ ጋር መስመር በመስመር አስተያዪው። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፤ እኔም ዘልዬ ነበር። ማዕዘን ያለው ሶፋ «ግራ» ብዬ አዘዝሁ፤ እኔ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ሰው አስቤ ነው፣ ፋብሪካው ግን ፊት ለፊት ቆሞ እንደሚያየው ሰው ተረዳው። የሶፋው ረጅም ጎን በረንዳውን ዘግቶ ቁጭ አለ። አሁን ቃሉን ትቼ ከላይ የታየ ንድፍ እሥላለሁ።

ርክክቡ አጭር ነው፦ ማሸጊያውን ሳትከፍቺ ፎቶ አንሺ፣ ጉዳት ካየሽ በአጓጓዡ ወረቀት ላይ ሳትጽፊ አትፈርሚ፣ ደንበኛው ዕቃውን በቦታው አይቶ ይፈርም።

የአቅራቢውን ደረሰኝ ለደንበኛው ማሳየት ይኖርብሽ እንደሆነም ጠይቀሻል። ውልሽ «የመግዣው ዋጋ ሲደመር ይህን ያህል በመቶ» የሚል ከሆነ ማሳየት አለብሽ። ቁርጥ ዋጋ ከሆነ ግን፣ ውሉ ካላስገደደሽ በቀር፣ የገዛሽበትን ዋጋ የማሳየት ግዴታ የለብሽም።

በእጅሽ ላለው ሥራ ቀብድ ተቀብለሽ መጋረጃውን አዝዘሻል። የሶፋውንና የምንጣፉን ገጽ ነገ አዘጋጅተሽ አስፈርሚ። ስለ መጋረጃው ግን ዛሬውኑ ለአቅራቢው ደውዪና ጨርቁ ተቆርጦ እንደሆነ ጠይቂ።